የአባቦራ ጣሳዎች

ስኳር ወላዋይ መሆኑን ያወቅሁት ጥቅምት 1975 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ስኳር ለእኔ ስኳር ነበር። ስብሰባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀመረ፤ ስኳር የተፈረደበት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ሰዓቱን አልረሳውም። ሆዴ እየጮኸ፣ "ስኳር ከጭቁኑም ከበዝባዡም ቤት ስለሚገባ ወላዋይ ነው፤ ስለዚህ መሀል ይቀመጥ" ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።

ባህሪያ እባላለሁ፣ የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነኝ። ያኔ ጅማ ውስጥ፣ በአጋሮ መውጫ በኩል ባለ አንድ የመንግሥት መጋዘን መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ለከተማው የቀበሌ ሱቆች፣ ለሰቃ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገበሬ ማኅበራት ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዶማ፣ ጆንያ የሚከፋፈለው ከዚያ ነው። መጋዘኑ ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። የለካሁት እኔ አይደለሁም፤ አባቦራ ናቸው።

አባቦራ ዕቃ ተረካቢና አስረካቢ ነበሩ፤ ቁልፉ በእጃቸው ነው። መጋዘኑ ገና የአንድ የመናዊ ነጋዴ ሳለ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተውበታል። ነጋዴው ተወርሶ ሲሄድ አባቦራ ከዕቃው ጋር ቀሩ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን በፍሬም አድርገው ቤታቸው ሰቅለዋል፤ እስኪሪብቶ ግን አያምኑም። የሚያምኑት ጣሳ ነው።

በእያንዳንዱ ዕቃ ክምር ሥር አንድ ባዶ የወተት ጣሳ አለ። ከዚያ ክምር ዕቃ በወጣ ቁጥር አባቦራ ከኪሳቸው አንዲት ጀንፈል፣ ገና ከገለፈቷ ያልተላቀቀች ደረቅ ቡና፣ አውጥተው ጣሳው ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። አንድ ኪሎም ወጣ መቶ ኩንታል ያው አንዲት ፍሬ ናት። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ሰሞን ይሄ ነገር ግራ ገብቶኝ ጠየቅኋቸው።

"ስሚ ልጄ፣" አሉኝ፣ "ዕቃ በክብደቱ አይደለም ቦታ የሚሰጠው፣ በእግር ነው። ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ሄዶ ማምጣት አንድ መንገድ ነው። ብዙ የሚጠራው ወደ በር ይቅረብ። ማንም የማይጠራው ኋላ ሄዶ ይተኛ። ኤዬ?"

"ኤዬ፣" አልኩ።

በየወሩ መጨረሻ ጣሳዎቹን ያያሉ። የሞላው ክምር ወደ በር ይጠጋል፣ የጎደለው ወደ ኋላ ይሄዳል። ዶማ በበልግ ይመጣል፣ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። ጆንያ ቡና ሊለቀም ሲል፣ ጥቅምት ላይ፣ ከበሩ አሥር እርምጃ ላይ ይቆማል። የገበሬ ማኅበር መኪና መጥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ጭኖ ይሄዳል ብል ወላሂ አልዋሸሁም። በጀቱ ሲዘጋ ሐምሌ አንድ ቀን ጣሳዎቹ ይገለበጡና ሁሉም ከባዶ ይጀምራል።

እንዲህ ስንኖር መስከረም ላይ ጓድ ወልደሰማያት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ። ስድስት ወር ውጭ አገር ፖለቲካ ተምሮ የመጣ፣ የደረት ኪሱ ላይ አራት እስኪሪብቶ የሚሰካ ሰው ነው። ስሙን እንደማይወደው ያስታውቃል፤ ሲፈርም "ወ/ሰ" ብቻ ነው የሚለው። አባቦራን የሚያህል ሽማግሌ "አንተ" ይላቸዋል። ደሜ ፈልቶ አንድ ቀን ብናገረው፣ "ጓድ ባህሪያ፣ እኩልነት ማለት ይሄ ነው" አለኝ። እሱን ግን "አንተ" ያለው ሰው አላየሁም።

የመጀመሪያ ቀን በሩን ሲያስከፍት ዓይኑ ያረፈው ስኳርና ቢራ ላይ ነው። ሁለቱም በሩ ሥር ነበሩ።

"ቢራ! በሠርቶ አደሩ መጋዘን በር ላይ ቢራ! ማነው እዚህ ያስቀመጠው?"

"እኔ ነኝ፣" አሉ አባቦራ። "ብዙ ይጠራል፣ ጌታዬ።"

"ጌታዬ አትበለኝ! ማነው የሚጠራው?"

አባቦራ መሬት መሬት አዩ። "ሰው ነዋ፣" አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው የስኳሩ ስብሰባ የተጠራው። በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ መጋዘኑን በመደብ ከፋፈልነው። ፊት ለፊት የጭቁኑ ሕዝብ ዕቃ፦ ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ማረሻ፣ የመፈክር ጨርቅ። መሀል ወላዋዩ፦ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ። ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ የበዝባዡ፦ ቢራ፣ ብስኩት፣ ሽቶ። ጆንያ ላይ ሲደርስ ቤቱ ተከፈለ። አንዱ ጆንያ የገበሬው ነው አለ። ጓድ ወልደሰማያት ብድግ ብሎ፣ "ጆንያ ውስጥ የሚገባው ምንድነው? ቡና! ቡናውን የሚጠጣው ማነው? ኢምፔሪያሊስቱ! ስለዚህ ጆንያ የኢምፔሪያሊዝም ልብስ ነው" አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ይደረጋል። ጆንያ ከቢራው ኋላ ሄዶ ተደረደረ።

አባቦራ ክምሮቹ ሲዛወሩ ጣሳዎቻቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ተከተሉ። ጓድ ወልደሰማያት ጣሳዎቹን አይቷቸዋል። መተርኮሻ መስለውት የሳሙናው ላይ ሲጋራውን ሲያራግፍበት በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

ኅዳር ገባ። ቡናው ቀላ፣ ተለቀመ፣ ሜዳ ላይ ተሰጣ። አንድ ሐሙስ ጠዋት የሰቃው ማኅበር ሊቀመንበር ገመቹ በአይሱዙ መኪና ከተፍ አለ። ስምንት መቶ ጆንያ የሚል ማዘዣ ይዟል።

"ቶሎ በሉልኝ፣ ማሎ፣ በናታችሁ! ሰማዩን አላያችሁትም? ቡናው መሬት ላይ ነው።"

ጆንያው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ቢራው መነሳት ነበረበት። ቢራውን ለማሳለፍ ወላዋዩ መገፋት አለበት። ወላዋዩ እንዳይገፋ ፊት ለፊት ዶማና ማረሻው መንገዱን ዘግቶታል፤ በኅዳር ደግሞ ዶማ የሚጠይቅ አንድ ፍጡር የለም። ስድስት ጫኞች አሉን፤ ኩሊ ማለት ተከልክሎ ወዝአደር ነበር የምንላቸው። ስድስቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያነሱ ሲጥሉ ዋሉ። በዘጠኝ ሰዓት ሦስት መቶ ጆንያ ወጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ዝናቡ ወረደ። ገመቹ ራሱን ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውዬ ሲያለቅስ ማየት እንዴት እንደሚያሳፍር አላህ ለጠላቴም አያሳየው።

ማኅበሩ አቤቱታ ጻፈ። ቡናችን በቢራ ምክንያት ሻገተ የሚል ነበር። አቤቱታው አውራጃ ደረሰ፤ አውራጃው "አሻጥረኛው ተጣርቶ ይቅረብ" የሚል ደብዳቤ መለሰ። ደብዳቤው ጓድ ወልደሰማያት እጅ ሲገባ ከለሩ ተለወጠ። አሻጥረኛ ፈልግ ተብሏል፤ አሻጥረኛ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ደግሞ የግድ መኖር አለበት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየና አንድ ጣሳ አነሳ። አየው። አሸተተው። ሌላ አነሳ።

"ቡና!" ብሎ ጮኸ። "ባህሪያ፣ ነይ! በመንግሥት መጋዘን ውስጥ የተደበቀ ቡና!"

ያ ዘመን ቡና እንደልብ የሚያዝበት አልነበረም። ኬላ ላይ አሮጊት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ሳይቀር ይፈታል። ሠላሳ ስምንት ጣሳ ተሰብስቦ ሚዛን ላይ ወጣ፤ አንድ ኪሎ ከሩብ ሆነ። ጓድ ወልደሰማያት ራሱ እየተናገረ አጻፈኝ፦ "ተከሳሹ 1.25 ኪሎ ቡና እንዳይታወቅበት በረቀቀ ዘዴ በሠላሳ ስምንት ጣሳ ከፋፍሎ ደብቆ ተገኝቷል።" ለጆንያውም መዘግየት ተጠያቂው እሳቸው ሆኑ። በአንድ ቀን ኮንትሮባንዲስትም አሻጥረኛም አደረጋቸው።

ቆሌዬ ተገፈፈ። በኢኮኖሚ አሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደሚገባ አገር ያውቃል፤ መቼ እንደሚወጣ ግን የሚያውቅ የለም። አባቦራ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማታ ቤታቸው ስሄድ ባለቤታቸው ረሺዳ ቡልኮና ትንሽ ቁርዓን ቋጥራ ጨርሳለች። ወህኒ ይበርዳል ብላ ነው። አባቦራ ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው።

"ጣሳዎቹን ቀላቀሏቸው እንዴ?" አሉኝ።

"አልተቀላቀሉም፣ የየዕቃውን ስም ጽፌባቸዋለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ፣" ብለው እፎይ አሉ። አንጀቴን በሉት።

አጣሪው ኮሚቴ ማክሰኞ መጣ። ሰብሳቢው ጓድ ሣህሉ ይባላሉ፤ የአውራጃው ትልቅ ሰው፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሆዳቸውም እንደዚያው። ሁለት አባላት ከግራና ከቀኝ አስከትለዋል። መጋዘኑ ውስጥ፣ ዶማዎቹ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግተን ጣሳዎቹን ደረደርን።

"ይሄ ቡና ያንተ ነው?" አሉ ጓድ ሣህሉ።

"ፍሬው የኔ ነው። ቁጥሩ የመንግሥት ነው፣" አሉ አባቦራ።

አልገባቸውም። እኔ ተነስቼ አስረዳሁ። እያንዳንዷ ፍሬ አንድ ጊዜ የወጣ ዕቃ ናት፣ ጣሳው መዝገብ ነው፣ አልኩ። ጓድ ወልደሰማያት ሳቀ። "ቡና መዝገብ ሲሆን የት ታይቶ ይታወቃል! ጓዶች፣ ውሸቱን እናጋልጠው። ፍሬው ይቆጠር፣ ከባህሪያ መዝገብ ጋር ይመሳከር።" በገዛ አፉ ነው እንግዲህ።

ቆጠርን። የመፈክር ጨርቅ ጣሳ ሦስት ፍሬ፤ መዝገቤ ላይ ሦስት። ዶማ ዘጠኝ፤ መዝገቤም ዘጠኝ። ጆንያ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት። ጨው መቶ አርባ ሦስት፣ መቶ አርባ ሦስት። ሳሙናውን ከአመድ ለይተን ቆጠርነው፤ እሱም አንዲት አልጎደለችም። አንደኛው የኮሚቴ አባል "ይገርማል" አለ፤ አባቦራ በእርጅናቸው እንደ ሙሽራ አፈሩ። እኔ በሆዴ፣ በቃ ተረፉ፣ አልኩ።

ስኳር ሲደርስ ጣሳው አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። ቆጥረን ስንጨርስ ሰባት መቶ አሥራ አንድ። መዝገቤ ላይ ያለው ሰማንያ ስምንት።

ጓድ ወልደሰማያት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። "ይኸው! ስድስት መቶ ሃያ ሦስት ትርፍ ፍሬ! ኮንትሮባንዱ ይሄ ነው! የቀረው ሁሉ ለሽፋን ነው!"

"ትርፍ አይደለም፣" አሉ አባቦራ በቀስታ። "ሄጄ ያመጣሁት ነው።"

"ለማን?"

ዝም አሉ። የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ምን ወሰደ ብለው አፋቸውን ከፍተው አያውቁም፤ ለነጋዴውም፣ ለአብዮቱም። ቡልኮና ቁርዓናቸውን በጨርቅ ቋጥረው እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። ሄዶ ለመታሰር ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ሆድ ይፍጀው ብለው ነው።

እኔ ግን የሳቸው ሆድ የለኝም። ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ላይ ወረቀት ተሰክቷል። ምን ወረቀት መሰላችሁ? የሲጋራ ፓኮ ቅዳጅ፣ የስብሰባ አጀንዳ ጀርባ፣ የካላንደር ቅጠል፤ ሁሉም ላይ "ለአምጪው ይሰጥ" የሚል ተጽፎ ተፈርሟል። ማስታወሻ ማዘዣ ስላልሆነ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ተብሏል። የጎደለውን ስኳር ወር ሲያልቅ "በአይጥ የተበላ" ብዬ እመዘግባለሁ። ቢራውን ደግሞ "በጉዞ የተሰበረ" እላለሁ፤ አይጥ ቢራ ይጠጣል ብዬ መጻፉ ትንሽ ስለከበደኝ ነው። ወረቀቶቹ ይጣሉ ሲባል አልጣልኳቸውም። ለምን እንዳልጣልኳቸው እስከ ዛሬ እንጃ።

ብናገር ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ እኔም ከአባቦራ ጎን ቡልኮ ያስፈልገኛል። እናቴ የምትበላው በእኔ ደሞዝ ነው። ዓይኔ ግን ያቺ ጥቅል ላይ ተተከለ፤ ረሺዳ ዳሯን በወፍራም ክር ሰፍታዋለች። በቃ፣ አልቻልኩም። ሽቦውን መዥርጬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግሁት።

"ስድስት መቶ ሃያ ሦስቱ ፍሬ ይኸው ነው፣" አልኩ። "ካላመናችሁ ቁጠሩት።"

"ምንድነው እሱ? አንብቢው፣" አሉ ጓድ ሣህሉ።

አነበብኩ። "ለአምጪው አምስት ኪሎ ስኳር ይሰጥ። ወ/ሰ።" ጓድ ወልደሰማያት ላቡ ቸፈፍ አለ። ሁለተኛውን አነበብኩ። "ለአምጪዋ አሥር ኪሎ ስኳር ይሰጥ፣ ነገ ይተካል። ወ/ሰ።" ጓድ ሣህሉ ፊታቸው በቁጣ ቀላ፤ "ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው ወይ ሽማግሌ የምትከስ!" ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ደስ አለኝ። በዚያ ደስታ ሦስተኛውን ቶሎ አነበብኩት። "ለእህቴ ልጅ ሠርግ አንድ ኩንታል ስኳር፣ አሥር ሳጥን ቢራ ይሰጥ። ሣህሉ።"

ጣሪያው ላይ ርግብ ስትረማመድ ይሰማል። በግራ ያለው አባል ሽቦውን አጮልቆ አየና የራሱን የእጅ ጽሕፈት ሳያውቀው አልቀረም፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። የቀኙም ጠራረገ።

"የቢራውም ጣሳ አለ፣" አሉ አባቦራ ለመርዳት ብለው። "አራት መቶ ምናምን ይሆናል። መጀመሪያ በሩ ሥር ያስቀመጥኩት ለእናንተው ብዬ ነበር። ኋላ ከሄደ ወዲህ ጉልበቴን ፈጀው እንጂ።"

"ይበቃል!" አሉ ጓድ ሣህሉ። "አጭር እረፍት እናድርግ።"

ውጭ ቆመው ሲጋራ አጨሱ፣ ተንሾካሾኩ። ሲመለሱ ፊታቸው ሁሉ ፈካ ብሏል። ውሳኔውን ጓድ ሣህሉ ራሳቸው እየተናገሩ አጻፉኝ፤ ቃሉን እንዳለ አስታውሰዋለሁ። አንደኛ፣ ጣሳዎቹ ውስጥ የተገኘው ቡና ከመጠኑ ማነስ የተነሳ ለሠራተኛው የጋራ አገልግሎት ይዋል። ሁለተኛ፣ ቁርጥራጭ ወረቀቶቹ ለቡናው ማፍያ እሳት ማቀጣጠያ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ማስረጃ ስለሌለ ተከሳሹ በነፃ ይሰናበት። አራተኛ፣ ዕቃዎቹ በሳይንሳዊ ጥናት መሠረት ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሱ። አምስተኛ፣ ጥናቱን ላካሄደው ለጓድ ወልደሰማያት ምስጋና ይድረሰው።

ተጨበጨበ። አባቦራ ጥቅላቸውን አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉ። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም አብሮ መጣ፤ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

እሳቱን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። ጀንፈሉን ወቀጥኩት፣ ቆላሁት፤ የአምስት ወር መዝገብ በአንድ ጀበና አለቀ። ማስታወሻዎቹ ደህና አድርገው ነደዱ፤ የሲጋራ ፓኮው በተለይ። ለኮሚቴው፣ ለጓድ ወልደሰማያት፣ ለስድስቱም ወዝአደሮች ቀዳሁ። አባቦራ ሲኒያቸውን ተቀብለው እንደ አገራችን ወግ ቁንጥር ጨው ጣል አደረጉበት።

ጓድ ሣህሉ አንዴ ፉት አሉና ፊታቸውን አኮሳተሩ። "ስኳር የለም እንዴ?"

ሁላችንም ስኳሩ ወዳለበት አየን። ገና መሀል ነው፣ ስልሳ እርምጃ ላይ፣ ወላዋዮቹ ጋ። ጓድ ሣህሉ ከጓድ ወልደሰማያት ደረት አንድ እስኪሪብቶ መዘው፣ ከቃለ ጉባኤዬ ጥግ ወረቀት ቀደው፣ ሞነጫጨሩና ለአባቦራ ዘረጉላቸው። አንድ ኪሎ ስኳር ለአምጪው ይሰጥ ይላል።

አባቦራ ወረቀቱን ለእኔ ሰጥተው ሄዱ። ጉልበታቸውን እየያዙ ስልሳ እርምጃ፤ ተመልሰው ስልሳ እርምጃ። ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንደምንም ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር፣ ስንቆጥር አምልጣ የተንከባለለች አንዲት ጀንፈል አነሱ። በመሐረባቸው አቧራዋን ጠረጉ፤ ባዶውን የስኳር ጣሳ ፈልገው አገኙና ውስጡ ጠብ አደረጓት። ድምጿ መጋዘኑን ሞላው።

ጓድ ሣህሉ ሁለት ማንኪያ ጨምረው አማሰሉ፤ ቀና ብሎ ያየ የለም። እኔም ወረቀቷን ባዶው ሽቦ ላይ ሰካኋት።